በትንሽ ብር የቤት ክላውድ ላብ፦ የቱን ኮምፒውተር እንግዛ?

ከዱርቤቴ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዙሪያው ገጠር በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ክላውድ መማር ጀምሬያለሁ፣ ቤት የምለማመድበት ኮምፒውተር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጠቅለል አድርገን ጻፍነው። ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጉትና ገበያ ስትወጡ አውጥታችሁ አንብቡት።

መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ለእኛ አካባቢ የሚሻለው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ። ራሙ 16 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ፕሮሰሰሩ ከተቻለ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ካልተቻለ 6ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ይሁን። ትልልቅ ያገለገሉ ሰርቨሮችን፣ የጌም ኮምፒውተሮችንና «ኮር አይ7 ነው» ከመባል በቀር ሌላ ወሬ የሌላቸውን እለፏቸው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንዲህ እንዳልን ነው።

ነገሩን ጠበቅ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ብር ለብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ የበርበሬ ወይም የበቆሎ ሽያጭ ላይ የተነሳ ነው፤ አለያም በወራት የቀን ሥራ የተጠራቀመ። ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዢው ዱርቤቴ ሲሆን ደሞ «ካልሠራ መልሰው» የሚባለው ነገር በወሬ ይቀራል። የመላኪያው፣ የመመላለሻው፣ የመንገዱ ሁኔታ ሲታሰብ ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ የእናንተው ነው።

ክላውድ ላብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክላውድ ማለት ባጭሩ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ተከራይቶ በኢንተርኔት መጠቀም ነው። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ሰርቨር የሞላባቸው ግዙፍ አዳራሾች አሏቸው፤ እያንዳንዱን ሰርቨር በሶፍትዌር እየከፋፈሉ ያከራያሉ። አንድ ግቢ አስቡ። ባለቤቱ ግቢውን በብዙ ክፍል ከፍሎ ያከራያል፤ ተከራይ ሁሉ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፣ የጎረቤቱን ዕቃ አያይም፣ ቧንቧውና ቆጣሪው ግን የጋራ ነው። ክፍሎቹ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ግቢውን የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ነው።

የቤት ላብ ይህንኑ ግቢ በትንሹ ቤታችሁ ውስጥ መሥራት ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ አራት አምስት ቨርቹዋል ማሽን ታስነሳላችሁ፤ አንዱ ዌብ ሰርቨር፣ አንዱ ዳታቤዝ፣ አንዱ ፋየርዎል ይሆናል። ትሠራላችሁ፣ ታበላሻላችሁ፣ አጥፍታችሁ እንደገና ትሠራላችሁ። የአማዞንን ገጽ እያንዳንዷን በተን አያስተምራችሁም። ሊኑክስ፣ ኔትወርክ፣ ዶከርና ኩበርኔቲስ ግን እዚያም እዚህም ያው ናቸው፤ ሥራ ላይም የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

«አማዞን እኮ ነፃ ሙከራ አለው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው። ግን ለመመዝገብ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፣ ሒሳቡም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሳትዘጉት የተኛችሁበት አንድ ማሽን ወሩ ሲያልቅ የሚያመጣው ሒሳብ ለተማሪ ቀልድ አይደለም። የቤታችሁን ማሽን ብትረሱት የሚጠይቃችሁ መብራት ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት አለው፤ ድረ ገጹን ለሚያስቀምጥ ድርጅት ደህና ነው፣ በቀን ሦስቴ እያፈረሰ ለሚሠራ ጀማሪ ግን ኪራይ መክፈሉ ብዙም አያዋጣም።

ሌላው ምክንያት ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን እዚህ ገጽ ላይ የረሳ ሰው የለም። በዚያ ጊዜ ትምህርቱ በሙሉ ኦንላይን የነበረ ሰው የሚከፍተው ነገር አልነበረውም። ቤት ያለ ላብ ግን መጫኛዎቹን አንዴ ካወረዳችሁ ዳታ ኖረም አልኖረም ይሠራል። በሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በስልካችሁ ተምራችሁ ሰርተፊኬት የያዛችሁ አላችሁ፤ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ሀርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ የምትማሩም ብዙ ናችሁ። ሲኦሲ ላይ የሚመዘነው በእጅ መሥራት ነው፤ እጅ ደሞ የሚለመደው የራስ ማሽን ሲኖር ነው።

በርካሽ ዕቃ መጀመር የሚያሳፍርም አይደለም። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1996 ስታንፎርድ ሳሉ ባለ 4 ጊጋባይት አሥር ዲስኮችን የደረደሩት በሌጎ መጫወቻ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነበር። ጉግል ከተመሠረተ በኋላም በ1999 ተራ ማዘርቦርዶችን ገዝተው ሳጥን እንኳ ሳያለብሱ ቡሽ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ይደረድሯቸው ነበር።

ራም ይቅደም

ላብ ውስጥ መጀመሪያ የሚያልቀው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ራሙ ነው። በግቢው ምሳሌ ካየነው ራም የመሬቱ ስፋት ነው። ያለ ግራፊክስ የተጫነ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር በ1 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ ዳታቤዝ ስትጭኑበት 2 ስጡት። ባለ 8 ጊጋባይት ኮምፒውተር ለራሱ 2 ገደማ ይዞ አራት አምስት ትንንሽ ማሽኖችን ይሸከማል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ኩበርኔቲስ ውስጥ ለመግባት ያሰበ ግን 16 ይፈልግ። ኬ3ኤስ የሚባለውን ቀለል ያለ ኩበርኔቲስ ሦስት ማሽን ላይ፣ ለእያንዳንዱ 2 ጊጋባይት ሰጥታችሁ ስታስነሱት፣ ለሌላ ሥራም ቦታ ይተርፋችኋል። ዊንዶውስ ሰርቨርና አክቲቭ ዳይሬክተሪ የምትማሩ ለአንዱ ማሽን ብቻ 4 ጊጋባይት አስቡ።

ድሮ የምንመክረው «8 ግዙና ቀስ ብላችሁ ጨምሩ» ብለን ነበር። አሁን እንደዚያ አንልም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ለኤአይ የሚገነቡ ዳታ ሴንተሮች የራም ምርቱን ስለተሻሙት በዓለም ገበያ የራም ዋጋ በጣም ወጥቷል። ስለዚህ 16 ጊጋባይት ውስጡ ያለበትን መግዛት 8 ገዝቶ ለብቻ ከመጨመር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ መቼም አይጨመርም። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን እንደዚያ ነው። ቲ480ኤስ ደግሞ ግማሹ የተበየደ፣ ግማሹ የሚነቀል ነው፤ «ኤስ» የሌለው ቲ480 ግን ሁለት ሙሉ ቦታ አለው። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች። ሁለተኛው የራሙ ዓይነት ነው። 4ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በፊት ያሉት ላፕቶፖች ዲዲአር3 ናቸው፤ ከ7ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት የቢሮ ላፕቶፖች በአብዛኛው ዲዲአር4። 6ኛው ላይ ሁለቱም ስላለ ጠይቃችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ዲዲአር3 የገዛ ሰው ነገ ማሽን ሲቀይር ራሙን ይዞ መሄድ አይችልም።

ዲስክን በተመለከተ ረጅም ወሬ የለንም። ኤስኤስዲ ይሁን፣ 256 ጊጋባይት ይበቃል። «1 ቴራ ነው» ተብሎ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ቢሰጣችሁ አምስት ማሽን አብረው ሲነሱ ታለቅሳላችሁ።

«አይ7 ነው» ሲሏችሁ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ኮር አይ7 ነው፣ ከአይ5 ይበልጣል» ይላል፤ ዋጋውም እዚያው ይጨምራል። ማየት ያለባችሁ ግን ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። አይ5-8250ዩ ሲል 8ኛ ጀነሬሽን ነው፣ አይ7-7600ዩ ሲል 7ኛ። (በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 10210፣ 10ኛ ጀነሬሽን ማለት ነው።) ኢንቴል እስከ 7ኛው ድረስ በ«ዩ» የሚያልቁትን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሚሠራቸው ሁለት ኮር አድርጎ ነበር፤ ስማቸው አይ7 ቢሆንም። 8ኛው ላይ አይ5ቱንና አይ7ቱን ወደ አራት ኮር አሳደጋቸው። ስለዚህ አይ7-7600ዩ ሁለት ኮር አለው፣ አይ5-8250ዩ ደግሞ አራት። ለእኛ ሥራ «ትንሹ» ይበልጣል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መቆሙም ይጠቅመናል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ስለሆነ፣ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ኮምፒውተሮችን ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች እየጣሏቸው ነው። እኛ ዊንዶውሱን አጥፍተን ሊኑክስ ነው የምንጭነው፣ ምንም አያግደንም። ስትደራደሩ ይህን አንሱ፦ «ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ ቀንስ።»

ለምን ላፕቶፕ?

ምክንያቱ አንድ ነው፦ መብራት። ላፕቶፕ ባትሪው ውስጡ ስላለ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም። ዳታቤዝ እየጻፈ ያለ ማሽን ባንዴ ጸጥ ሲል ፋይሉ ይበላሻል፤ ደጋግሞ ሲሆን ዲስኩም ይጎዳል። ባትሪው ያረጀ፣ አንድ ሰዓት ብቻ የሚይዝ ላፕቶፕ እንኳ አጥፍታችሁ ለመውጣት በቂ ጊዜ ይሰጣል። ለላብ የምንፈልገው ያንን ነው።

ገበያ ላይ ስሙን ይዛችሁ የምትጠይቁት፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም 8ኛ ጀነሬሽን ይገኝባቸዋል፣ ሁለት የራም ቦታ አላቸው፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም አላቸው። ብሩ ካልደረሰ 840 ጂ3ን (6ኛ ጀነሬሽን) ወይም ቲ470ን እዩ። ቲ480 ላይ ከውጭ የሚነቀል ባትሪ ስላለ ሲያረጅ መቀየር ቀላል ነው።

አንድ ብልሃት እንንገራችሁ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ኪቦርዱ የተበላሸ ላፕቶፕ ለላብ ምንም አይሆንም! ሰርቨር ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል እንጂ ማንም ፊት ለፊቱ አይቀመጥም። ለመጫን ያህል በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት፣ ኪቦርድ ተዋሱ፤ ከዚያ በኋላ በስልካችሁ ታዙታላችሁ። እንዲህ ያለው ዕቃ ከጤነኛው በጣም ረክሶ ይሸጣል። ግን ማዘርቦርዱ ጤነኛ መሆኑን ሳታረጋግጡ አይሆንም፣ ወድቆ የተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል።

ላፕቶፕ ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ሲሰካ ባትሪው እንዳያብጥ ተጠንቀቁ። ቲንክፓዶች ላይ 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉት። የመዳፊቱ ቦታ ወደ ላይ ከተነፋ ወይም ከታች ክዳኑ ከተገፋ ባትሪው አብጧል፤ ያን ቀን ያውጡት እንጂ «ይሠራል እኮ» ብላችሁ አልጋ ስር አታስቀምጡት። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ሊኑክሱ ላይ ማስተካከል አለባችሁ።

ሚኒ ፒሲ

መጽሐፍ የሚያክሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ናቸው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ (3050፣ 7050)፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም710ኪው እና ኤም720ኪው። ፕሮሰሰራቸው መጨረሻው ላይ «ቲ» ካለበት ኃይል ቆጣቢ ነው። አይ5-6500ቲ አራት ኮር፣ አይ5-8500ቲ ስድስት ኮር አለው። በተመሳሳይ ብር ከላፕቶፕ የተሻለ ጉልበት የምታገኙት እዚህ ነው፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ጉድለታቸው ባትሪ የላቸውም፣ ስክሪንም የላቸውም። ስትገዙ ዋናው አዳፕተር አብሮ ይምጣ፤ ዴል የራሱ ያልሆነ አዳፕተር ሲሰካበት ፕሮሰሰሩን አውቆ ያዘገየዋል፣ እናንተ ደግሞ «ማሽኑ ቀርፋፋ ነው» ትላላችሁ።

አዲስ መግዛት ለሚፈልግ ኤን100 የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አራት ኮር፣ በጣም ትንሽ መብራት። ኢንቴል በይፋ የሚለው እስከ 16 ጊጋባይት ራም ብቻ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን በዚያ ብር ያገለገለ 8ኛ ጀነሬሽን ከተገኘ እኛ ያገለገለውን እንመርጣለን።

ራስበሪ ፓይስ? ኢንተርኔት ላይ ያሉ ቪዲዮዎች ሁሉ እሱን ያሳያሉ። ደስ የሚል ዕቃ ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ግን ማግኘቱም መለዋወጫውም ችግር ነው። ቻርጀሩ፣ ሳጥኑ፣ ሚሞሪው ሲደመር ዋጋው ከታሰበው ይርቃል። በሚሞሪ ካርድ የሚነሳ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ካርዱ የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ፕሮሰሰሩም ኤአርኤም ስለሆነ ለኢንቴል የተዘጋጀ ሁሉ አይሠራበትም። ለእኛ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

መብራቱን በቁጥር እንየው

«ያገለገለ ሰርቨር በርካሽ አገኘሁ» የምትሉ፣ እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። እንደ ዴል ፓወርኤጅ አር710 ያለ የድሮ ሰርቨር ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ 150 ዋት ገደማ ይበላል እንበል። በቀን 24 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲባዛ 108 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ላፕቶፕ 12 ዋት ቢወስድ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የሚቆረጥ ነው፤ ፍጆታው ከመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ የእያንዳንዱ ዋጋ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ሰርቨሩ ብቻውን መላ ቤቱን ወደ ውዱ ደረጃ ይገፋዋል። ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ከአከራያችሁ ጋር የሚመጣውን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ድምፁም እንደ ወፍጮ ቤት ነው።

ሚኒ ፒሲ የገዛ ሰው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ትንሹ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። በመለወጫው ላይ የሚባክነውንና ባትሪው እስከ መጨረሻ መውረድ የሌለበትን ቀንሰን ግማሹን ብንይዝ 42 ዋት ሰዓት ይተርፋል። ሚኒ ፒሲው 15፣ ራውተሩ 6 ዋት ቢወስዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያሉ። ያገለገለ ዩፒኤስ ስትገዙ ባትሪው የሞተ መሆኑን አስባችሁ ተደራደሩ።

ስታቢላይዘር ጠቃሚ ነው፤ የቮልቴጁን መውጣት መውረድ ይችለዋል። መብረቅን ግን አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎጃም ሰማይ ሲያጉረመርም ከሶኬት መንቀል ነው፤ ከውጭ የሚገባ የስልክ ወይም የኢንተርኔት ገመድ ካለም አብሮ ይነቀል። መብራት ተመልሶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ።

ገበያ ስትወጡ

ከመርካቶም ግዙ፣ ከባሕር ዳርም ግዙ፣ ከቴሌግራም ቻናልም እዘዙ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ በርቶ ይታይ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው በአካል ይሂድላችሁ፤ ካልሆነም ሻጩ በቪዲዮ ኮል አብርቶ ያሳያችሁ። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት። የድሮ ድርጅቱ የቆለፈው ማሽን ነው፣ ሻጩ «ይከፈታል» ቢል ከፍቶ ያሳይ። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን ንኩ፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የኮሩ ብዛትና «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር ይታያል። ጠፍቶ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ይበራል፣ አትደንግጡ። እዚያው ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ከስንት የራም ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኤስኤስዲው ምን ያህል እንዳገለገለ በመቶኛ ያሳያል። ከቻላችሁ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ሰክታችሁ በሱ አስነሱት፤ በዚያ ካልተነሳ ቤትም ሄዶ አይነሳም። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያውንም ሞክሩ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ዋጋ በቁጥር ያልጻፍነው አውቀን ነው፤ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍነው ነገ ያሳስታችኋል። አንድ ሞዴል ይዛችሁ ቢያንስ ሦስት ሻጭ ጠይቁ።

ገመዱ፣ ስልኩ፣ መጫኛው

ላብ ለመሥራት ሌላ ስክሪን መግዛት የለባችሁም፣ ስልካችሁ አለ። ፕሮክስሞክስ የሚባለው ነፃ ሃይፐርቫይዘር ከተጫነ በኋላ በስልክ ብራውዘር ይከፈታል፤ ቨርቹዋል ማሽን መፍጠርም ማጥፋትም ከዚያ ነው። ትእዛዝ ለመጻፍ ቴርሙክስ የሚለውን አፕ ተጠቀሙ። ስልኩና ማሽኑ የሚገናኙት በቤት ራውተር ስለሆነ ዳታ አይቆጥርም፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል።

ፕሮክስሞክስ ግን ገመድ ይፈልጋል። በዋይፋይ ስታገናኙት ቨርቹዋል ማሽኖቹ ኔትወርክ ለማግኘት ይቸገራሉ፤ ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይኼ ነው። ያገለገለ ማንኛውም ራውተርና አንድ ሜትር ገመድ ይበቃችኋል። ራውተር ከሌለና ያለው የስልክ ሆትስፖት ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ ሰርቨር ጫኑና ኤልኤክስዲ ወይም ኬቪኤም ተጠቀሙ፤ ማሽኖቹን ከውስጥ በራሱ ኔትወርክ ያገናኛቸዋል፣ በዋይፋይም ይሄዳል።

መጫኛ ፋይሎቹ ከ1 እስከ 3 ጊጋባይት ይደርሳሉ። በሌሊት ጥቅል አውርዱ፣ ወይም ባሕር ዳር ደርሶ የሚመጣ ጓደኛ በፍላሽ ያምጣላችሁ። ስታወርዱ ኪዊክስ የሚባለውንም ጨምሩ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነው። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ሥዕል የሌለውን ወይም በርዕስ የተከፋፈለውን ምረጡ። የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍትንም በፒዲኤፍ እዚያው ብታስቀምጡ የጎረቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዋይፋይ ገብቶ ያነባል፤ እናንተም እውነተኛ ተጠቃሚ ያለው ሰርቨር ማስተዳደር ትለምዳላችሁ።

ብቻችሁን ካልቻላችሁ

እቁብ ግቡበት። ሦስት ሆናችሁ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ማሽን ብትገዙ ለእያንዳንዳችሁ 4 ጊጋባይት ከነፓስወርዱ ይደርሳል፣ ቀሪው ለማሽኑ። ክላውድ ማለት ደሞ ይኼው ነው፤ ተከራይና አከራይ ሆናችሁ ትለማመዳላችሁ። ማሽኑ መብራት በማይቆራረጥበት ቤት ይቀመጥ። ከሌላ ሰፈር በዳታ ለመግባት የምትፈልጉ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ የራስ ፐብሊክ አይፒ ስለማይገኝ ቴይልስኬል የሚባለውን ሞክሩ፤ ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ማሽኑ የማን እንደሚሆን፣ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ድርሻው እንዴት እንደሚመለስ ግን ከመግዛታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት። ጓደኝነት በኮምፒውተር አይበላሽ።

ቀጥሎ ብር ሲገኝ በቅድሚያ የሚገዛው ባክአፕ የሚቀመጥበት የውጭ ዲስክ ነው። ሁለተኛ ማሽን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለቱን አገናኝቶ ክላስተር ለመሥራት ስታስቡ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የፕሮክስሞክስ ክላስተር በድምፅ ብልጫ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ብቻ ሆነው አንዱ ሲጠፋ የቀረው ብልጫ ስለሌለው አዲስ ማሽን ማስነሳት እምቢ ይላል። ለሦስተኛው ድምፅ ግን ጉልበት አያስፈልግም፤ ቤት የተጣለ 2 ጊጋባይት ራም ያለው የድሮ ላፕቶፕ ይበቃል።